የድመቶች ትርኢት፦ አዘገጃጀቱና ዳኝነቱ

መግቢያ

ድመት በእኛ ቤት የምትወደደው አይጥ ስለምትይዝ ነው። ጎተራው ከተጠበቀ፣ ጓዳው ሰላም ካደረ፣ ፀጉሯ ነጭ ይሁን ጥቁር፣ ጅራቷ ይርዘም ይጠር የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ግን ድመቶች ወደ ሰፊ አዳራሽ እየተወሰዱ በዳኞች ፊት ይቀርባሉ፤ ይታያሉ፣ ይዳሰሳሉ፣ ይነጻጸራሉ፣ ይሸለማሉ። ከእነዚህም መካከል ፈረንጆች አገራችንን ይጠሩበት በነበረው ስም «አቢሲኒያን» የምትባል ድመት ትገኛለች።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «ቁንጅና እንዴት ይዳኛል? ለአንዱ ያማረው ለሌላው አያምርም» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም የዚህ ትምህርት ዋና ሐሳብ ነው። የድመት ትርኢት ዳኛ «የትኛዋ ድመት ለዓይኔ አማረች?» ብሎ አይፈርድም። «የትኛዋ ድመት ለዝርያዋ ወደተጻፈው መስፈርት ቀረበች?» ብሎ ይፈርዳል። ስለዚህ ነገሩን በሚገባ ለመረዳት ከድመቷ ጋር ወረቀቱንም መመልከት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. አጀማመሩ

ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የድመት ትርኢት የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ነው። ጁላይ 13 ቀን 1871 በለንደን ከተማ፣ ክሪስታል ፓላስ በተባለው ከብረትና ከመስታወት በተሠራ ታላቅ አዳራሽ ውስጥ የድመቶች ትርኢት ተደረገ። አሳቢውና አዘጋጁ ሃሪሰን ዊየር የተባለ የእንስሳት ሠዓሊ ነበር። በዚያ ዘመን የውሾች፣ የዶሮዎችና የርግቦች ትርኢት የተለመደ ሲሆን፣ ድመት ግን እንደ አይጥ አጥማጅ ብቻ ትታይ ነበር። ዊየር ሰዎች ድመትን በቅርብ እንዲያዩ፣ እንዲያደንቁና በደንብ እንዲይዙ ለማድረግ አሰበ።

ነገር ግን ለመዳኘት መለኪያ ያስፈልጋል። ዊየር ራሱ ለየዓይነቱ ድመት ጥሩ የሚባለውን የአካል ቅርጽ፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም በነጥብ ከፋፍሎ ጻፈ። በመጀመሪያው ትርኢት የዳኙት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም ዊየር፣ ወንድሙ ጆን ጄነር ዊየርና ማክዶና የተባሉ ቄስ ናቸው። መስፈርቱን የጻፈው ሰው ራሱ ዳኛ፣ ወንድሙም ዳኛ መሆኑን ልብ በሉ። ዛሬ ቢሆን እንዲህ ያለው ነገር ክርክር ያስነሣ ነበር።

በ1887 ብሔራዊ የድመት ክበብ በእንግሊዝ ተቋቋመ፤ ዊየርም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1889 ስለ ድመቶች የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ ከክበቡ ራሱን አገለለ። ምክንያቱም ብዙዎቹ አባላት ከድመቶቹ ደኅንነት ይልቅ ሽልማት ማግኘትን አስቀድመዋል ብሎ ስላዘነ ነው። ይህ የዊየር ቅሬታ እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ስለሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

በአሜሪካ በሜይ 1895 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ታላቅ ትርኢት ተደርጎ፣ ኮዚ የተባለ ቡናማ ዝንጉርጉር ድመት የብር የአንገት ማሰሪያ ተሸለመ። ከዚያም ትርኢቶችን የሚመሩና የድመቶችን ትውልድ የሚመዘግቡ ድርጅቶች ተራ በተራ ተቋቋሙ። በአሜሪካ የድመት ወዳጆች ማኅበር፣ በአጭሩ ሲኤፍኤ፣ በ1906፤ በብሪታንያ የድመት ወዳጆች አስተዳደር ምክር ቤት፣ በአጭሩ ጂሲሲኤፍ፣ በ1910፤ በአውሮፓ ፊፌ የተባለው ፌዴሬሽን በ1949፤ ቲካ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ደግሞ በ1979 ተመሠረቱ። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ደንብ፣ የራሱ መዝገብና የራሱ መስፈርት አለው።

2. የዝርያ መስፈርት ምንድን ነው?

የዝርያ መስፈርት ማለት አንድ ዝርያ ፍጹም ቢሆን ምን ሊመስል እንደሚገባው በቃላት የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። ከራስ ቅል እስከ ጅራት ጫፍ ያለውን የአካል ክፍል ሁሉ ይዘረዝራል። በብዙ ድርጅቶች ዘንድ ለየክፍሉ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩም 100 ነው። ለምሳሌ በሲኤፍኤ መስፈርት የአቢሲኒያን ድመት ነጥብ እንዲህ ተደልድሏል፦

ራስ (አፈሙዝ 6፣ ራስ ቅል 6፣ ጆሮ 7፣ የዓይን ቅርጽ 6) — 25
አካል (ደረትና ወገብ 15፣ እግርና መዳፍ 10፣ ጅራት 5) — 30
የፀጉር ልስላሴና ጥራት — 10
ቀለም (የፀጉር ቀለም 15፣ የፀጉር ቀለበት 15፣ የዓይን ቀለም 5) — 35

«የፀጉር ቀለበት» ያልነው የዚህች ድመት ዋና መለያ ነው። አንዷን ፀጉር ነቅሎ ወደ ብርሃን ለተመለከተ ሰው ከሥሯ እስከ ጫፏ አንድ ቀለም አይደለችም። ፈዛዛና ደማቅ ቀለም እየተፈራረቀ በቀለበት በቀለበት ይታይባታል። ስለዚህ ድመቷ ከሩቅ ስትታይ ዝንጉርጉር ሳትሆን ውስጥ ውስጡን የምታንጸባርቅ ትመስላለች። ለዚህ ብቻ 15 ነጥብ ተሰጥቶታል።

አሁን ይህን ከሌላ ዝርያ ጋር እናነጻጽር። በዚያው ድርጅት መስፈርት የፋርስ ድመት ለራሷ 30 ነጥብ ሲሰጣት፣ የሲያም ድመት ለራሷ 20፣ ለአካሏ ግን 30 ይሰጣታል። የፋርስ ድመት ክብ ፊት፣ አጭር አፍንጫና ረጅም ፀጉር ይፈለግባታል። የሲያም ድመት በአንጻሩ ቀጠን፣ ረዘም ያለች፣ ፊቷም ወደ አፈሙዙ የሚሾል እንድትሆን ይጠበቃል። ለአንዷ ጉድለት የሆነው ለሌላዋ ውበት ነው ማለት ነው። ነጥቡም የት ላይ እንደሚበዛ ስናይ መስፈርቱን የጻፉት ሰዎች ከሁሉ በላይ የፈለጉትን እንረዳለን።

ከነጥብ ሌላ ጨርሶ ከውድድር የሚያስወጡ ነገሮችም አሉ። አቢሲኒያን ድመት ደረቷ ወይም ሆዷ ላይ ነጭ ምልክት ከታየ፣ በአንገቷ ዙሪያ ያልተቆረጠ ጥቁር መስመር ካለ፣ የጣቶቿ ቁጥር ከተለመደው ከበዛ ወይም ካነሰ፣ ጅራቷ ቆልመም ያለ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢያምርም አትሸለምም።

3. ከትርኢቱ ቀን በፊት

ትርኢት የሚያዘጋጀው ብዙውን ጊዜ አንድ ክበብ ነው። ክበቡ ከወራት በፊት ከበላይ ድርጅቱ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቀን ይቆርጣል፣ አዳራሽ ይከራያል፣ ዳኞችን ይጋብዛል። ከዚያም የውድድር ክፍሎችን የሚዘረዝር ማስታወቂያ ያወጣል። ባለቤቶች የድመታቸውን ስም፣ ዝርያ፣ ቀለም፣ ጾታ፣ የልደት ቀን፣ የእናትና የአባት ስም እንዲሁም የመዝገብ ቁጥር ሞልተው ከክፍያ ጋር ይልካሉ። የትውልድ ሐረግ ወረቀት ቢያንስ እስከ ሦስት ትውልድ ያሉትን አያቶች የሚያሳይ ነው።

ተወዳዳሪዎች በዕድሜና በሁኔታ ይከፈላሉ። በብሪታንያ ደንብ ከ14 ሳምንት ጀምሮ 9 ወር እስኪሞላቸው ያሉት ግልገሎች ለብቻ ይወዳደራሉ። ከዚያ በላይ ያሉት ጎልማሶች ናቸው። እንዳይወልዱ በሕክምና የተኮላሹትም የራሳቸው ክፍል አላቸው። ከዚህ ሌላ የትውልድ ሐረግ የሌላቸው ተራ የቤት ድመቶች የሚገቡበት ክፍል አለ። እነዚህ የተጻፈ የዝርያ መስፈርት ስለሌላቸው የሚዳኙት በጤንነታቸው፣ በንጽሕናቸው፣ በጠባያቸውና በአያያዛቸው ነው። የጎረቤታችን አይጥ አዳኝ ድመት እዚያ ብትወለድ ኖሮ ልትገባ የምትችለው በዚህ ክፍል ነበር።

ባለቤቱም በበኩሉ ይሠራል። ድመቷን ያጥባል፣ ያበጥራል፣ ጆሮዋን ያጸዳል፣ የጥፍሯን ጫፍ ይቆርጣል። ረጅም ፀጉር ያላት ድመት በየቀኑ ካልተበጠረች ፀጉሯ ይቋጠራል፤ በአንድ ሌሊት የሚስተካከልም አይደለም። ፀጉርን ቀለም መቀባት ግን የተከለከለ ነው። ከሁሉ በላይ ድመቷ በእንግዳ ሰው እጅ መያዝን ከሕፃንነቷ መልመድ አለባት። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እንደሚባለው፣ በአዳራሹ ውስጥ ዓመሏ ተነሥቶ ዳኛውን የነከሰች ድመት ምንም ብታምር ከውድድር ልትወጣ ትችላለች።

4. የትርኢቱ ዕለት

በብሪታንያ በቆየው ልማድ ትርኢቱ የሚጀምረው በእንስሳት ሐኪም ምርመራ ነው። ሐኪሙ የእያንዳንዷን ድመት ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍና ፀጉር ያያል፤ የክትባት ወረቀቷንም ይመለከታል። ቁንጫ የተገኘባት ወይም የሕመም ምልክት ያሳየች ድመት አትገባም። ከእርሷ ጋር የመጡ የዚያው ቤት ድመቶችም አብረው ይመለሳሉ። በመቶ የሚቆጠሩ ድመቶች በአንድ አዳራሽ ሲሰበሰቡ አንድ በሽታ ለሁሉም ሊደርስ ስለሚችል ደንቡ ጥብቅ መሆኑ ተገቢ ነው።

ከምርመራ በኋላ ድመቷ ቁጥር ወደ ተጻፈበት የሽቦ ቤት ትገባለች። በውስጡ የሚነጠፈው ብርድ ልብስ ነጭ፣ የውኃ ሳህኑ ነጭ፣ የመጸዳጃ ዕቃዋም ነጭ መሆን አለበት። ስም፣ ጌጥ ወይም ቀድሞ የተገኘ ሽልማት አይሰቀልም። ይህ ሁሉ ዳኛው የማን ድመት እንደሆነች እንዳያውቅ ነው። ከዚያ ባለቤቶች ከአዳራሹ ይወጣሉ፤ ዳኛውም ከረዳቱ ጋር በጎማ የሚገፋ ጠረጴዛ ይዞ ከሽቦ ቤት ወደ ሽቦ ቤት ይሄዳል። ረዳቱ ድመቷን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያቆማታል። ዳኛው መርምሮ በመዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ የሰጠበትንም ምክንያት በኋላ በጽሑፍ ያወጣል።

በአሜሪካ ያለው ሥርዓት ይለያል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ብዙ የዳኝነት ስፍራዎች ይዘጋጃሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ዳኛ አለው። ድመቷ ወደ ዳኛው ትወሰዳለች እንጂ ዳኛው ወደ እርሷ አይሄድም። ባለቤቶችና ተመልካቾች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያያሉ፤ ዳኛውም ብዙ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያየውን ያስረዳል። አንድ ዳኛ አንደኛ ያላትን ድመት ሌላው ዳኛ አራተኛ ሊላት ይችላል፤ ዳኞቹ ተመካክረው አይወስኑምና። በሁለቱም ሥርዓት ዳኛው ከአንዷ ድመት ወደ ሌላዋ ከመሻገሩ በፊት እጁን በመድኃኒት ያጸዳል።

የሁለቱ ልማዶች ልዩነት ትምህርት አለው። አንደኛው ባለቤቱን ከአዳራሽ አስወጥቶ ዳኛውን ከአድልዎ ሊጠብቅ ይፈልጋል። ሁለተኛው ዳኝነቱን በሰው ሁሉ ፊት በማድረግ ዳኛውን ለሕዝብ ዓይን ያጋልጣል። በአሜሪካውም ቢሆን በዳኛው መዝገብ ላይ ያለው የድመቷ ቁጥር፣ ዝርያ፣ ቀለም፣ ዕድሜና ጾታ ብቻ ነው። የባለቤቶች ስም የታተመበትን ዝርዝር ዳኛው ሥራውን ሳይጨርስ ማየት አይፈቀድለትም። የራሱን ድመትም መዳኘት አይችልም። አባቶቻችን «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ያሉት እንዲህ ያለውን ወዳጅ ለወዳጅ የሚቆምበትን ነገር ለመንቀፍ ነበር።

5. ዳኛው ምን ይመለከታል?

ዳኛ ለመሆን ብዙ ዓመት ድመት ማርባትና ማሳየት፣ ከዚያም በነባር ዳኞች ሥር ሆኖ መሠልጠንና መፈተን ያስፈልጋል። ዳኛው ከዓይኑ ያላነሰ በእጁ ይሠራል። ረጅም ፀጉር ጉድለትን ሊሸፍን ስለሚችል የአጥንቱን ውፍረትና የጡንቻውን ጥንካሬ በመዳሰስ ይለያል። ጣቱን በጅራቷ ላይ እስከ ጫፉ ያሳልፋል፤ በዓይን የማይታይ ቁልመማ በጣት ይገኛልና። የአገጯንና የአፍንጫዋን መስመር ከጎን ያያል፤ ጥርሷ ገጥሞ መዘጋቱንም ይመለከታል። ከዚያ ላባ ወይም ሌላ መጫወቻ ያወዛውዝላታል። ድመቷ ጆሮዋን አቁማ፣ ዓይኗን ከፍታ ስትከተል እውነተኛ መልኳ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

በተግባር ዳኛው ለእያንዳንዷ ድመት አንድ በአንድ ነጥብ እየደመረ እስከ 100 አይቆጥርም። ነጥቡ የሚያገለግለው የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ ለማሳሰብ ነው። ሁለት አቢሲኒያን ድመቶች ቢቀርቡና አንደኛዋ በዓይን ቀለም፣ ሁለተኛዋ በፀጉር ቀለበት ብትበልጥ፣ የዓይን ቀለም 5፣ የፀጉር ቀለበት ግን 15 መሆኑን ያስታውሳል።

በመጨረሻ የየክፍሉ አሸናፊዎች እርስ በርስ ይነጻጸራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ተመልካች ግራ ይጋባል፦ የፋርስ ድመትና የሲያም ድመት እንዴት ይወዳደራሉ? መልሱ መግቢያው ላይ የተናገርነው ነው። የሚለካው እያንዳንዷ ወደ ራሷ መስፈርት የቀረበችበት ልክ ነው። የሒሳብ ተማሪና የታሪክ ተማሪ በአንድ ፈተና ሳይፈተኑ፣ እያንዳንዳቸው በየትምህርታቸው ባገኙት ውጤት እንደሚወዳደሩ ማለት ነው።

ማዕረግም በአንድ ቀን አይገኝም። በብሪታንያ አንዲት ድመት ሻምፒዮን ለመባል ከሦስት የተለያዩ ዳኞች ሦስት የምስክር ወረቀት ማግኘት አለባት። ዳኛው ለመስፈርቱ የምትበቃ ድመት ካላገኘ በክፍሉ አንደኛ የወጣችውን እንኳ የምስክር ወረቀቱን ሊከለክላት ይችላል። ከደካሞች መካከል መብለጥ ብቻውን ማዕረግ አያሰጥም ማለት ነው።

6. በአገራችን ስም የምትጠራው ድመት

በ1868 የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ መጥቶ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ በኋላ ተመለሰ። በዲሴምበር 1871 በክሪስታል ፓላስ በተደረገው ትርኢት በዚያ ጦርነት ተማረከች የተባለች ድመት ሦስተኛ ሽልማት ማግኘቷን ሃርፐርስ ዊክሊ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በጃንዋሪ 1872 ዘገበ። በ1874 ደግሞ ጎርደን ስቴብልስ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ «ዙላ» የተባለች፣ ከጦርነቱ ፍጻሜ በኋላ ከአቢሲኒያ መጣች የተባለች ድመት ሥዕል ወጣ። ዙላ የእንግሊዝ ጦር በቀይ ባሕር ዳርቻ የወረደበት ስፍራ ስም ነው። ዝርያዋ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ስም የትውልድ ምስክር አይሆንም። በሆላንድ በላይደን ከተማ ቤተ መዘክር ውስጥ ከጦርነቱ 30 ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ በ1830ዎቹ የተገዛ፣ አካሉ ደርቆ የተቀመጠ ተመሳሳይ ድመት አለ፤ የተጻፈበትም «የሕንድ የቤት ድመት» የሚል ነው። በቅርብ ዘመን የተደረጉ የዘረ መል ጥናቶችም የዚህችን ዝርያ መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ያመለክታሉ። ዛሬ በትርኢት የምናያት ድመት በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች አርቢዎች በመስፈርት እየተመረጠች የተሠራች ናት። ስሟ ሲነሣ ደስ ቢለን አያስነቅፍም፤ ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ መናገር ግን ከተማሪ አይጠበቅም።

7. መስፈርት አካልን ሲለውጥ

እዚህ ላይ ወደ ዊየር ቅሬታ እንመለስ። አርቢ የሚያራባው የተሸለመችውን ድመት ነው። ስለዚህ ዛሬ በወረቀት ላይ የተጻፈው ቃል ከጥቂት ትውልድ በኋላ አጥንትና ሥጋ ይሆናል።

የሲያም ድመት መልካሙን ምሳሌ ታሳየናለች። ወደ እንግሊዝ በመጡበት ዘመን ከሲያም ድመቶች ብዙዎቹ ዓይናቸው የተንሸዋረረ፣ ጅራታቸውም የቆለመመ ነበር። ይህ እንደ ጉድለት ስለተቆጠረ አርቢዎች እየመረጡ ከዝርያው አራቁት። የፋርስ ድመት ግን ተቃራኒውን ታስተምራለች። መስፈርቱ አጭር አፍንጫ ስለወደደ ዳኞች አጭሩን ሸለሙ፤ አርቢዎችም ከዚያ ያጠረውን ፈለጉ። ፊቱ እጅግ የተደፈጠጠ ድመት መተንፈስ ሊቸግረው፣ የእንባው መውረጃ ተጣምሞ ዓይኑ ዘወትር ሊያነባ ይችላል።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው በ1961 በስኮትላንድ የተገኘችው ጆሮዋ ወደ ፊት የታጠፈ ድመት ታሪክ ነው። መልኳ ጉጉት ስለሚመስል ሰዎች ወደዷት። ነገር ግን ጆሮዋን ያጠፈው የዘረ መል ለውጥ ጆሮ ላይ አይቆምም። በመላ አካሏ ያለውን ልም አጥንት ስለሚያዛባ መገጣጠሚያዎቿን ሊያሳምማት ይችላል። የብሪታንያው ምክር ቤት በ1970ዎቹ መጀመሪያ መመዝገቧን አቆመ። የአሜሪካው ሲኤፍኤ ግን ተቀብሎ መስፈርት ጻፈላት። አንዲት ድመት በአንዱ አገር ሻምፒዮን፣ በትውልድ አገሯ ግን ከመዝገብ ውጪ ሆነች። ድመቷ ያው ናት፤ የተለያየው ወረቀቱ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው የድመት ትርኢት ትክክለኛ ዳኝነት ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፦ አስቀድሞ የተጻፈና ለሁሉ የታወቀ መስፈርት፣ የባለቤቱን ማንነት የማያይ ዳኛ፣ ምክንያቱን ለመግለጽ የማያፍር ፍርድ። እነዚህ ሦስቱ ተሟልተው እንኳ መስፈርቱ ራሱ ከተሳሳተ ቅን ዳኛ ስሕተቱን በቅንነት ያስፋፋዋል። ስለዚህ ከዳኛው በፊት መጠየቅ ያለበት ወረቀቱ ነው። ድመቷ ስለ መስፈርቱ አልተጠየቀችም፤ ሕመሙን የምትሸከመው ግን እርሷ ናት። በትምህርት ቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በማኅበር ውስጥ መለኪያ የምናወጣ ሁሉ የምንሸልመው ነገር እየበዛ እንደሚሄድ፣ የማንሸልመው ደግሞ እየጠፋ እንደሚሄድ ልናስብ ይገባናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በብሪታንያና በአሜሪካ ሥርዓት መካከል ያለው ዋና ልዩነት ምንድን ነው? አድልዎን ለመከላከል የትኛው የሚሻል ይመስላችኋል? ለምን?
2. በክፍሉ አንደኛ የወጣች ድመት የምስክር ወረቀት ልትከለከል የምትችለው በምን ምክንያት ነው? ይህ ደንብ ለክፍል ፈተና ቢሠራ ምን ጥቅምና ጉዳት ይኖረዋል?
3. አቢሲኒያን ድመት ከኢትዮጵያ መጣች የሚለውን አባባል የሚደግፉና የሚቃወሙ ማስረጃዎችን ለይታችሁ ጻፉ።
4. ለቤታችሁ ድመት ድምሩ 100 የሚሆን መስፈርት አውጡ። ለጤንነት ስንት ነጥብ ሰጣችሁ? አይጥ ለመያዝስ?